ሕመምን የሚያስታግስ ዕፅ ሥራውን የሚሠራው የት ላይ ነው?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች የመድኃኒት ዕፀዋት ከሚሸጡበት የገበያ ተርታ ደርሶ የሚመለከት ሰው፥ ከጤና አዳሙ፥ ከጦስኙና ከነጭ ሽንኩርቱ አጠገብ በትንንሹ እየታሰረ የተደረደረ ቀጭን ሥር ሳያጋጥመው አይቀርም። ሥሩ ድንገተኛ ይባላል። ስሙ የተክሉን መልክ ወይም የበቀለበትን ቦታ አይናገርም፤ የሚናገረው የሚታዘዝለትን ሕመም ነው። ሰው በደኅና ውሎ በድንገት ሆዱን ሲቆርጠው፥ ትኩሳትም ሲጨመርበት፥ በቤት ውስጥ የተቀመጠው ሥር ይወጣና ይታኘካል፤ ጭማቂው ይዋጣል፤ ገለባው ይተፋል። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ሕመምተኛው ቀለለኝ ይላል። በሳይንስ ስሙ ታቬርኒየራ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ ተክል ከአተርና ከባቄላ ወገን የሚቆጠር ነው።

ቀለለኝ የሚለውን ቃል ሊያስተባብል የሚችል የለም፤ ሕመሙን የሚያውቀው የታመመው ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ ለመድኃኒት ባለሙያ ይህ ቃል የምርመራ መጀመሪያ ነው። ሕመም ከተነሣበት ሥፍራ ወጥቶ በአንጎል ውስጥ እስኪታወቅ ድረስ፥ ብዙ ኬላ በተተከለበት መንገድ እንደሚያልፍ መልእክተኛ ይጓዛል። የሚያስታግስ ዕፅ ሁሉ ይህን መልእክተኛ ከኬላዎቹ በአንዱ ላይ ይይዘዋል፤ ወይም ያዘገየዋል። በየትኛው ኬላ እንደሚይዘው የታወቀ እንደ ሆነ፥ መጠኑንም፥ ጉዳቱንም፥ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥም ለማወቅ መንገዱ ይከፈታል። ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን ማስታገሱ ራሱ ለአደጋ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዚህ ንግግር ዋና ነገር ይኸው ነው። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመልእክተኛው መንገድ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። እጅ በእሳት ሲለበለብ ወይም ጥርስ ሲቦረቦር፥ የተጎዳው ሥጋ ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ያፈልቃል። ከነዚህም ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት በአካባቢው ያሉትን የነርቭ ጫፎች ስሜት እያሰሉ፥ ቀድሞ የማያም ንክኪ እንኳ እንዲያም ያደርጋሉ። የነርቩ ጫፍ መልእክቱን በኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ኅብለ ሰረሰር ያደርሳል፤ በዚያም ለሌላ ነርቭ ይተላለፍና ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎልም ዝም ብሎ የሚቀበል ብቻ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ እየላከ መልእክቱ እንዲጎላ ወይም እንዲደክም ያደርጋል። በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ቁስሉን ሳያውቅ ብዙ ርቀት ሊሮጥ የሚችለው ስለዚህ ነው። የሆድ ዕቃ ሕመም ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። አንጀት በስለት ሲነካ የረባ ሕመም አይሰማውም፤ ሲወጠርና ሲኮማተር ግን ሰውን መሬት ላይ ያንከባልላል። ቁርጠት የሚባለው ይኸው ነው።

ከነዚህ ኬላዎች የመጀመሪያውን፥ ማለት የተጎዳውን ሥጋ፥ ለሳይንስ ያስተዋወቀው የአኻያ ቅርፊት ነው። በ1763 ዓ.ም. ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ፥ ደርቆ የተፈጨ የአኻያ ቅርፊት ትኩሳት ላለባቸው ወደ 50 ለሚሆኑ ሰዎች ሰጥቶ መልካም ውጤት ማግኘቱን ገለጸ። ቅርፊቱን ለመሞከር ያነሣሣው ምራቱ የኪና ቅርፊትን ስለሚመስል ነበረ። ደግሞም አኻያ የሚበቅለው ትኩሳት በሚበዛበት ርጥብ ስፍራ ስለሆነ፥ ፈጣሪ መድኃኒቱን ከበሽታው አጠገብ አኑሮታል ብሎ ያምን ነበር። ምክንያቱ ሳይንሳዊ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ግን ይሠራ ነበር። በ1828 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ ቡክነር ሳሊሲን የተባለውን መራራ ንጥረ ነገር ከቅርፊቱ ለየ፤ በ1838 ዓ.ም. ፒሪያ ከሳሊሲን ሳሊሲሊክ አሲድን አወጣ። ይህ አሲድ ሕመምን ቢያስታግስም ጨጓራን አብዝቶ የሚያውክ ስለ ነበረ፥ በ1897 ዓ.ም. በባየር ፋብሪካ ፌሊክስ ሆፍማን የተሻሻለውን ውህድ በንጹሕ መልኩ አዘጋጀ። በ1899 ዓ.ም. አስፕሪን ተብሎ ለገበያ የቀረበው ይህ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ግን ገና አልታወቀም። ጆን ቬን አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ እንደሚያግድ ያሳየው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ለዚህም በ1982 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከስቶን ደብዳቤ እስከ ቬን ጥናት 208 ዓመት አልፏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለባህላዊ መድኃኒት ፈራጆች የሚሆን ትምህርት አለ። በኢትዮጵያ ዳማ ከሴ ለምች ይታሻል፤ ጭማቂውም ይጠጣል፤ በአፍንጫም ይሸተታል። ምች የፀሐይ ምታት ነው የሚለው አነጋገር በላቦራቶሪ ሊረጋገጥ አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የስቶንን ሐሳብ ስሕተትነት ሰበብ አድርጎ አኻያን የጣለ ሰው አስፕሪንን ባጣ ነበር። የዳማ ከሴ ጭማቂ በእንስሳት ላይ ተሞክሮ ትኩሳትን የማብረድ ኀይል ታይቶበታል። የዚህም ተቃራኒ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ስለ ሠራ ብቻ ስለ በሽታው የተነገረው ሁሉ እውነት አይሆንም።

አኻያ ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በወንዝ ዳር የሚበቅለውና ቀንበጡ ለጥርስ መፋቂያ የሚውለው አኻያ የአውሮፓው ዘመድ ነው። የአውሮፓው ቅርፊትም አስፕሪን ከመጣ በኋላ ጨርሶ አልተረሳም። በ2000 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የወገብ ሕመም ለጠናባቸው 210 ሰዎች ሲሞከር፥ በቀን 240 ሚሊግራም ሳሊሲን ያለበት የቅርፊት ዝግጅት ከወሰዱት ውስጥ 39 በመቶ በአራተኛው ሳምንት ከሕመም ነጻ ሆነዋል፤ 120 ሚሊግራም ከወሰዱት 21 በመቶ፥ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 6 በመቶ። የጥናቱ ዋጋ መጠኑ ሲጨምር ውጤቱም አብሮ መጨመሩን በቁጥር ማሳየቱ ነው። የቅርፊቱን መራራነት ቀምሶ የሚመዝን ሰው ይህን ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው ኬላ የነርቩ ጫፍ ነው፤ በዚህ ረገድ በርበሬን የመሰለ አስተማሪ የለም። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ፥ ከ1492 ዓ.ም. በፊት በኢትዮጵያም ሆነ በእስያ ያልነበረ ተክል ሲሆን፥ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ ወጥ የማይባል ሆኗል። በውስጡ ያለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ምላስን ያቃጥላል ሲባል አነጋገሩ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በነርቭ ጫፍ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ሲደርስበት የሚከፈት አንድ በር አለ፤ ካፕሳይሲን ይህንኑ በር ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። ስለዚህ አንጎል የሚደርሰው መልእክት የእሳት መልእክት ነው። ይህን በር በ1997 ዓ.ም. ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ በ2021 ዓ.ም. ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አስገራሚው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። በሩ አለ ዕረፍት እንዲከፈት የተገደደ ነርቭ ውሎ አድሮ ይደነዝዛል፤ ጫፉም ከቆዳው ይሸሻል። በዚህ ምክንያት 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ልጥፍ፥ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለወራት ለሚቆየው የነርቭ ሕመም እንዲውል በ2009 ዓ.ም. በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል። ልጥፉ የሚደረገው በሕክምና ቤት፥ ቆዳው አስቀድሞ በማደንዘዣ ቅባት ተዘጋጅቶ፥ በባለሙያ እጅ ነው። ከወጥ ቤት የተገኘ በርበሬ በውኃ ለውሶ ቆዳ ላይ መለጠፍ ግን ሕመም በሌለበት ቁስል መጨመር ይሆናል።

ቅርንፉድም የዚሁ ኬላ ጠባቂ ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ቅርንፉድ ነክሶ የሚያገኘው ዕረፍት ዩጂኖል ከሚባለው ዘይቱ ሲሆን፥ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ዩጂኖል ነርቩን ያደነዝዛል፤ ጥርሱ ግን መቦርቦሩን አይተውም። ስለ ኮካ ቅጠል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በ1860 ዓ.ም. ኒማን ኮኬይንን ከቅጠሉ ለየ፥ በ1884 ዓ.ም. ኮለር ዓይንን ለማደንዘዝ ተጠቀመበት፥ ሱስ የማስያዝ ጠባዩ ስለ ታወቀም ኬሚስቶች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፕሮካይንን ሠርተው በምትኩ አቀረቡ።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ኬላ፥ ማለት ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ነው። ለዚህ ኬላ ቁልፉ የተገኘው ከአበባ እንቡጥ በሚፈስስ ወተት ውስጥ ነው። ኦፒየም ለብዙ ሺህ ዓመት ሲያገለግል የኖረ ማስታገሻ ቢሆንም፥ ከአንዱ እርሻ የመጣው ከሌላው እርሻ ከመጣው በኀይል ስለሚለይ፥ ቀማሚው ትናንት ሕመምተኛውን ባሳረፈበት መጠን ዛሬ ሊገድለው ይችል ነበር። ከኦፒየም ክብደት ውስጥ አንድ አሥረኛ የሚያህለው ሞርፊን ነው፤ ነገር ግን ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው ይህ መጠን ከፍና ዝቅ ይላል። ይህን ችግር የፈታው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያልተማረ ጀርመናዊ ቀማሚ፥ ፍሪድሪክ ሴርቱርነር ነው። በፓደርቦርን ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ረዳት ሳለ ከኦፒየም ውስጥ የሚያስተኛውን ነገር ለየ፤ በ1817 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍም ከጥንት ግሪኮች የሕልም አምላክ ስም ሞርፊየም ብሎ ሰየመው። በዚያው ጽሑፍ ራሱና ሦስት ወጣቶች ንጥረ ነገሩን ደጋግመው በመውሰድ እንደ ሞከሩት፥ በመጨረሻም ክፉኛ ስለ ታመሙ ኮምጣጤ ጠጥተው ለማስመለስ እንደ ተገደዱ ገልጿል። በዛሬ ሚዛን ሲታይ የወሰዱት ከልክ ያለፈ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠን በግሬን ሊመዘን ቻለ፤ የመድኃኒት ቅመማ ሙያም ከመገመት ወደ መለካት የተሻገረበት አንዱ ድልድይ ይህ ነው።

ሞርፊን ለምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሌላ መቶ ተኩል ዓመት አስፈልጓል። በ1973 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ ለሞርፊን ልክ የሆነ መቀበያ እንዳለ አሳዩ። ለመሆኑ የሰው አንጎል ለአበባ ወተት መቀበያ ያዘጋጀው ለምንድር ነው? መልሱ በ1975 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ከአበርዲን ከተማ መጣ፤ ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር አገኙና ኢንኬፋሊን አሉት። መቀበያው ለሰውነቱ ገንዘብ የተሠራ ነበር፤ ዕፁ ተመሳሳይ ቁልፍ ይዞ በመገኘቱ ገባበት። ይኸው መቀበያ ትንፋሽን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ውስጥም ስለሚገኝ፥ ከመጠን ያለፈ ሞርፊን ሕመምንም ትንፋሽንም አብሮ ያቆማል።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ሞርፊን በ1977 ዓ.ም. ከወጣው ከመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጀምሮ የተመዘገበ ነው። ሆኖም ጉዳዩን ያጠና የላንሴት ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት፥ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ከተሰላው 298.5 ቶን ማስታገሻ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ለገባ ሰው በዚህ ኬላ ላይ የሚቆም መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ኬላ ብቻ የሚሠራ ቅጠል ሊተካው አይችልም። የባህል መድኃኒትን ማክበር የሞርፊንን እጥረት ለመሸፈን ምክንያት ሊሆን ከቶ አይገባውም።

አራተኛው ከነርቭ መንገድ ወጣ ያለ ነው፤ የሆድ ዕቃ ጡንቻ ራሱ ነው። የኮማተረው ጡንቻ ከላላ ሕመሙ ከምንጩ ይደርቃል። በየመንደሩ ቆሻሻ በሚጣልበት ስፍራ የሚበቅለው አስተናግር፥ በሌላ ስሙ አጠፋሪስ፥ ይህን ኀይል የያዙ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። የፍሬው ጢስ ለጥርስ ሕመም እንደሚታጠን ይታወቃል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ጠባዩን በሚገባ አስተውለውታል፤ ከልኩ ያለፈ የወሰደ ሰው አፉ ይደርቃል፥ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፥ ልቡ ይሸበራል፥ ከዚያም ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል። የንጥረ ነገሮቹ መጠን ከተክል ተክል፥ ከቅጠል ፍሬ፥ ከወጣቱ ለሸመገለው ስለሚለያይ፥ ትክክለኛ መጠን በእጅ ግምት ሊታወቅ አይችልም። የመድኃኒት ኬሚስቶች ስኮፖላሚንን ጥቂት ለውጠው ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይገባ በማድረግ፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቡስኮፓን የተባለውን የቁርጠት መድኃኒት አወጡ። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ቡስኮፓን የአስተናግር ወገን የሆኑ ዕፀዋት ውላጅ መሆኑን የሚያስታውስ ገዢ ጥቂት ነው።

አንድ ያልተጠና ጭማቂ ከነዚህ ኬላዎች በየትኛው እንደሚሠራ የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ በአይጥ ነው። በአይጥ ሆድ ውስጥ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ሲወጋ አይጧ ሆዷን እያጠፈች ትንፈራገጣለች፤ ጭማቂው መንፈራገጡን ካሳነሰው ያስታግሳል ይባላል። ሁለተኛው ፈተና የጋለ ሳህን ነው፤ አይጧ መዳፏን እስክትልስ ወይም እስክትዘል የምትቆይበት ሰከንድ ይቆጠራል፤ ይህን ጊዜ የሚያረዝሙት በይበልጥ እንደ ሞርፊን ያሉ በሦስተኛው ኬላ የሚሠሩ ናቸው። ሦስተኛው ፎርማሊን በመዳፍ መውጋት ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው ሕመም ከነርቩ ጫፍ፥ ዘግይቶ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ከሥጋው መቆጣት የሚነሣ ነው። የሞርፊንን መቀበያ የሚዘጋው ናሎክሶን ተሰጥቶ የጭማቂው ኀይል ከጠፋ፥ ዕፁ በዚያ መቀበያ በኩል ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ዘዴው መልካም ነው፤ አንባቢው ግን መጠንቀቅ ይገባዋል። መንፈራገጥን የሚያሳንስ ሁሉ አስታጋሽ አይደለም፤ አይጧን ያፈዘዘ ወይም ጡንቻዋን ያላላ ነገርም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ብዙ ጥናቶች ጭማቂውን የሚያወጡት በሜታኖል ሲሆን፥ ሕዝቡ የሚጠቀመው በውኃ ወይም በምራቅ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ተክል የሚያወጡት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። የመጠኑም ነገር አለ። በአይጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት 400 ሚሊግራም የሠራ ጭማቂ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ሰው ቢወሰድ፥ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 24 ግራም ይሆናል። የሰውነትን ገጽ ስፋት መሠረት ባደረገው በተለመደው ስሌት ግን ወደ 2 ግራም ይወርዳል። ከደረቁ ተክል አንድ አሥረኛው ብቻ ጭማቂ ሆኖ ይወጣል ቢባል፥ ለ2 ግራም 20 ግራም ደረቅ ተክል ያስፈልጋል። ሰው በአንድ ጊዜ የሚያኝከው ሥር ይህን ያህል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሚዛን ብቻ ነው፤ ሆኖም ይህ ቀላል ሥራ በብዙ ጥናት ውስጥ ተዘሎ ይታያል።

ወደ ድንገተኛ ሲመለሱ፥ ተክሉ እድለኛ ነው ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከሥሩ ውስጥ አይሶፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶችን ለይተዋል፤ በውኃ የወጣው ጭማቂ ከእንስሳት የተወሰደ የአንጀት ጡንቻ እንዲላላ ማድረጉን አይተዋል፤ በእንስሳትም ላይ ትኩሳትን የማብረድና ሕመምን የማስታገስ ጠባይ አግኝተውበታል። ስለዚህ ሥሩን የሚያኝከው ሰው ቀለለኝ ሲል፥ ቃሉን የሚደግፍ የላቦራቶሪ ማስረጃ አለ።

ነገር ግን ማስታገሱ አደጋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በድንገት የሚነሣ የሆድ ሕመም ከትኩሳት ጋር ሲሆን፥ አንዳንዴ ተራ ቁርጠት፥ አንዳንዴ ደግሞ የትርፍ አንጀት መቆጣት ነው። በኢትዮጵያ ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች በሚገባ የታወቀው የአንጀት መጠምዘዝም በድንገት ይጀምራል፤ የተጠመዘዘው አንጀት ደም ስለሚቋረጥበት እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። በሴቶች ደግሞ ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰ ፅንስ ሲፈነዳ ምልክቱ ይኸው ድንገተኛ ሕመም ነው። ሐኪሙ እነዚህን ከተራው ቁርጠት የሚለየው በሕመሙ ቦታና ጠባይ፥ በትኩሳቱም ጭምር ሲሆን፥ ሥሩ የሚያበርደው በትክክል እነዚህን ሁለቱን ነው። ከዚህ የከፋም አለ። የተቆጣ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ሊል ይችላል። በዚያች ሰዓት ሥሩን አኝኮ የነበረ ሰው ምስጋናውን ለሥሩ ይሰጣል፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውንም መንገድ ይተዋል።

ስለዚህ ሕመምተኛው ሳይታከም ይንገላታ ማለት አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩ ሐኪሞች ምርመራውን ያበላሻል በማለት ለድንገተኛ የሆድ ሕመም ሞርፊን ይከለክሉ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሕመምተኛው በሐኪም እጅ ሆኖ ማስታገሻ ቢሰጠው ምርመራው እንደማይሳሳት ስላሳዩ፥ ክልከላው ቀርቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከማስታገሻው በኋላ ሰውየው የሚገኝበት ቦታ ነው። በሐኪም ቤት አልጋ ላይ የተኛውን በየሰዓቱ ሆዱን የሚዳስስ አለ፤ በቤቱ መደብ ላይ የተኛውን ግን ማንም አይዳስሰውም።

ከዚህ የሚነሣው ሥራ የመድኃኒት ቤት ባልደረቦችን ይመለከታል። የሆድ ሕመም ክኒን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፥ ከቤትዎ ያኘኩት ወይም የጠጡት ነገር አለ ወይ ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፥ መቼ እንደ ጀመረዎ፥ ማስመለስ መኖሩን፥ ዓይነ ምድርና አየር መውጣቱን መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥያቄው በንቀት ከቀረበ መልሱ ምንም አልወሰድሁም የሚል ይሆናል። ሕመሙ ከ6 ሰዓት ያለፈ፥ ሆዱ የተነፋ፥ ወይም ነፍሰ ጡር ልትሆን የምትችል ሴት ስትሆን፥ ክኒን ሸጦ ከመሸኘት ወደ ሐኪም ቤት መላክ ይገባል። ሥሩን በገበያ ለሚሸጡት እናቶችም ይህንኑ በሚገባቸው ቃል መንገር ይቻላል፤ ከባለሙያው ይልቅ ብዙ ሕመምተኛ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

ሌላው ጉዳይ የተክሉ ሕይወት ነው። ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ቅጠላቸው ተቀጥፎ ተክሉ በጓሮ ይቀራል፤ ድንገተኛ ግን ሥሩ ተነቅሎ ስለሚሸጥ እያንዳንዱ እስር የአንድ ተክል ሞት ነው። ከዱር እየተነቀለ ብቻ የሚሸጥ ሥር እያደር መሳሳቱ አይቀርም። በእርሻ ማልማቱ ሳይዘገይ መታሰብ ያለበት ሲሆን፥ ለጥናትም ቢሆን ዕድሜውና የበቀለበት ቦታ የታወቀ ሥር ከዚያ በቀር አይገኝም።

ሥሩ በሰው ላይ በሥርዓት ይፈተን ቢባል ደግሞ በየትኛው ሕመም ይጀመር የሚለው መልስ ያስፈልገዋል። ድንገተኛ የሆድ ሕመም ከላይ በተነገረው ምክንያት ለፈተና መጀመሪያ አይመችም። የወር አበባ ቁርጠት ግን ይመቻል። መንሥኤው ፕሮስታግላንዲን የሚያኮማትረው የማኅፀን ጡንቻ መሆኑ ታውቋል፤ በየወሩ ስለሚመለስ አንዲት ሴት በአንዱ ወር ሥሩን፥ በሌላው ወር መድኃኒት የሌለበትን ዝግጅት ወስዳ ራሷን ከራሷ ጋር ልታነጻጽር ትችላለች፤ የቀዶ ጥገና አደጋም ከኋላው አይከተልም። ዝንጅብል በዚህ ሕመም ላይ በተደጋጋሚ በሰው ተፈትኖ መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተሻለ ሆኖ ስለ ተገኘ መንገዱ የተጠረገ ነው። ለድንገተኛ የሚያስፈልገው ዕድሜው የታወቀ የለማ ሥር፥ በውኃ የወጣና በውስጡ ያሉት አይሶፍላቮኖይዶች ተለክተው የተመዘገቡ ዝግጅት፥ አስቀድሞ በእንስሳት የተደረገ የመመረዝ ምርመራ፥ ነፍሰ ጡር አለመሆናቸው በምርመራ የተረጋገጠና በፈቃዳቸው የሚገቡ ሴቶች፥ ለማነጻጸሪያም አይቡፕሮፌን ነው።